የሳንባ ሕክምና ሰብ ስፔሻሊቲ ሥርዓተ ትምህርት ክለሳ

በኢትዮጵያ የሳንባና የጽኑ ሕሙማን ሕክምና ሰብ ስፔሻሊቲ ሥልጠና በ2005 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ተጀመረ። ሥልጠናውን የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ሐኪሞች ለሁለት ዓመታት ይከታተሉታል።

የምርመራ ዘዴዎችና የበሽታዎች ሥርጭት ስለሚለወጡ ሥርዓተ ትምህርቱ በየጊዜው መከለስ ይኖርበታል። የቆየ ሳል ሁሉ ሳንባ ነቀርሳ አይደለም፤ አስም፣ ከማገዶ ጭስ ጋር የተያያዘ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመምና ካንሰርም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉ። ከነቀርሳ የዳነ ሰውም በሳንባው ላይ በቀረው ጠባሳ ምክንያት ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። ሐኪሙ እነዚህን ካልለየ ታካሚው ለማይፈልገው መድኃኒት ይዳረጋል። ስለሆነም ሠልጣኙ በትንፋሽ አቅም ልኬት፣ በብሮንኮስኮፒና በመተንፈሻ መሣሪያ አጠቃቀም ያለው ብቃት በተግባር ሊመዘን ይገባል።

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሳል የቆየበት ሰው በአቅራቢያው በሚገኝ ጤና ጣቢያ ሊመረመር ይገባል። በመንግሥት ጤና ተቋማት የነቀርሳ ሕክምና የሚሰጠው በነፃ ነው።