የሕንፃ ፕላን ምርመራ ጊዜ (ደሴና ኮምቦልቻ)

የግንባታ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት የከተማው የሕንፃ ሹም የአርክቴክቸር፣ የስትራክቸር፣ የኤሌክትሪክና የሳኒተሪ ንድፎችን የሚያይበት ጊዜ። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ፋብሪካን፣ የሕዝብ መገልገያንና ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝም ሕንፃን በምድብ «ሐ» መድቦ ነበር፤ ለእነዚህ ሕንፃዎች ምርመራው ጥብቅ ነው። በ2009 የኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀባትን ኮምቦልቻን ይህ በቀጥታ ይመለከታል።

የደሴ ጭንቀት መሬቷ ነው፦ በጦሳ ተራራ ግርጌ፣ በቦርከና ወንዝ ዳገቶች ላይ ሰፍራለች፤ የመሬት መንሸራተት ያሰጋታል፤ ለስምጥ ሸለቆም ቅርብ ናት። ስለዚህ የአፈር ጥናትና የመሬት መንቀጥቀጥ ስሌት ለጥድፊያ ሊሠዉ አይገባም። መዘግየቱም ግን ይጎዳል፤ በጋው ካለፈ የመሠረት ቁፋሮ ከክረምት ዝናብ ጋር ይገጥማል፣ የሲሚንቶና የብረት ዋጋም አይጠብቅም። ያላግባብ የሚባክነው ጊዜ ንድፉ በየጊዜው በአዲስ አስተያየት ሲመላለስ የሚያልፈው ነው፤ ባለቤቱ ጉድለቱን ሁሉ በአንድ ጊዜ፣ በጽሑፍ ሊነገረው ይገባል።