ምን ተከሰተ?

ሰሞኑን የአንድ የውጭ አየር መንገድ መግለጫ ወደ አማርኛ ተመልሶ ሳነብ «በበረራው ላይ ክስተት አጋጥሟል» የሚለው ላይ ቆምኩ። ምን ተከሰተ? ቀስተ ደመና? እኛ ክስተት የምንለው የፀሐይ ግርዶሽን ነው፤ ሲለን ደግሞ ድንቅ ኳስ ተጫዋችን። ሥሩ የግእዙ «ከሠተ» ነው፦ ገለጠ፣ ገልጦ አሳየ። ነገሩ ሳይገባን ሲቀር «አልተከሰተልኝም» የምንለውም ከዚሁ ነው። የመግለጥ ቃል መሸፈኛ ሲሆን አይገርምም?

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 5 ቀን 2024 የአላስካ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ 9 ከፖርትላንድ ተነሥቶ 15,000 ጫማ ገደማ ላይ ሳለ፣ የጎን በሩ መድፈኛ ተገንጥሎ ወደቀ። 171 መንገደኞች በግድግዳው ቀዳዳ የምሽቱን ሰማይ እያዩ ተመለሱ። የአየር መንገዱ የመጀመሪያ መግለጫ ግን «ኢንሲደንት» (ተርጓሚዎቻችን «ክስተት» የሚሉት) አጋጠመ፣ አውሮፕላኑም በሰላም አረፈ አለ። መርማሪዎቹ አደጋ ብለው መዘገቡት፤ መድፈኛውን መያዝ የነበረባቸው አራት ብሎኖች በቦታቸው እንዳልነበሩም ደረሱበት።

ይህ የቃል ጨዋታ ብቻ አይደለም። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት አባሪ 13 አደጋንና ኢንሲደንትን ይለያል። በበረራ ሰው ከሞተ፣ ክፉኛ ከቆሰለ ወይም የአውሮፕላኑ አካል በብርቱ ከተጎዳ አደጋ ነው፤ እዚያ ሳይደርስ የበረራን ደኅንነት የሚነካው ኢንሲደንት ይባላል። ለዚህኛው «እክል» የሚለው ቃላችን ይበቃል፤ ሲብስም «ከባድ እክል»። ዜና የምትተረጉሙ ወዳጆቼ፣ አደጋውን አደጋ በሉት፤ ክስተትን ለግርዶሹ ተዉለት።