የእግዜር እንግዳ በሳይክል

ልጅ እያለሁ አንድ ሳይክል ነጂ በድንጋይ መትቻለሁ። ይሄን ቀድሜ ልናገር፤ ምክንያቱም ከዚህ በታች የምጽፈው ታሪክ ስለ ሩቅ አገር ሰዎች ቢመስልም ለእኔ የሚጀምረው ከዚያች ድንጋይ ነው።

ያደግሁት ከመተማ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከአይከል ብዙም በማትርቅ መንደር ነው። ያኔ መንገዱ ኮረኮንች ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ፈረንጅ ብቻውን፣ ሳይክሉ ግራና ቀኝ ሻንጣ ተጭኖበት፣ ፊቱ በአቧራ ነጭቶ፣ ከቆላው ወደ ላይ የሚወጣውን ዳገት እያቃሰተ መጣ። እኛም እንደ ልማዳችን “ዩ! ዩ! ዩ!” እያልን ከኋላው ሮጥን። ብር ጠየቅነው፤ እስክሪብቶ ጠየቅነው። ዝም ሲለን አንዱ ልጅ ድንጋይ አነሳ። ሁለተኛው እኔ ነበርኩ። የእኔዋ ትከሻውን አገኘችው። ሰውየው አልተሳደበም። ሳይክሉን አቁሞ ዞረና ዝም ብሎ አየን። እኛ ተበተንን።

እናቴ ነገሩን ከደጅ ሆና አይታለች። እኔ የትም እንደማልሄድባት ስለምታውቅ መጀመሪያ ወደሱ ሄደች። በእጇ ምልክት ጠርታ በረንዳችን ላይ አስቀመጠችው። ውሃ ሰጠችው፣ እንጀራ በሽሮ አቀረበችለት፣ ቡና አፈላችለት። ሊሄድ ሲል ብር ቢያወጣ እጁን መለሰችው። “የእግዜር እንግዳ ነው” አለቻት ጎረቤቷን። ማታ እኔም የሚገባኝን አገኘሁ፤ እሱን ለእናንተ ግምት ትቼዋለሁ።

የዚያን ሰው ስም አንዳችንም አልጠየቅነውም። ዓመታት አልፈው ዩኒቨርሲቲ ስገባ ግን ዓለምን በሳይክል ስለዞሩ ሰዎች ማንበብ ጀመርኩ። ብዙዎቹ የሚጓዙት ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ለማሰባሰብ እንደሆነ ሳውቅ ያቺ ድንጋይ ተመልሳ እኔኑ መታችኝ። ሰውየው ለልጆች ብሎ ወጥቶ፣ በልጅ ተመትቶ ቢሆንስ?

እንግዲህ ከሥሩ እንጀምር። በመጀመሪያ በዚህ ታሪክ ውስጥ በጎ አድራጎት የሚባል ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1884 ቶማስ ስቲቨንስ የተባለ የእንግሊዝ ተወላጅ ከሳን ፍራንሲስኮ ተነሳ። የነዳት ሳይክል ያቺ የፊት ጎማዋ ግዙፍ፣ የኋላዋ ሚጢጢ የሆነችው የጥንቷ ዓይነት ነበረች። ስንቁ ምን ነበር ብትሉ፦ ካልሲ፣ ትርፍ ሸሚዝ፣ ድንኳንም ሆኖ የሚያገለግል የዝናብ ካፖርትና አንድ ሽጉጥ። በኦገስት ቦስተን ገባ። በቀጣዩ ዓመት ከእንግሊዝ ተነስቶ አውሮፓን፣ ቱርክንና ፋርስን አቋረጠ፤ በህንድና በቻይና አልፎ በዲሴምበር 1886 ዮኮሃማ፣ ጃፓን ደረሰ። በሳይክል ዓለምን በመዞር የመጀመሪያው ሰው ተባለ። በየመንገዱ የጻፈውን አንድ መጽሔት ያትምለት ነበር። ያተረፈው ዝናና መጽሐፍ ነው።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1894፣ ሌላ ሰው ከቦስተን ተነሳ። አኒ ኮፕቾቭስኪ ትባላለች፤ ከላትቪያ የመጣች አይሁዳዊት ስደተኛ፣ የሦስት ልጆች እናት። አንድ የምንጭ ውሃ ኩባንያ 100 ዶላር ከፍሏት የኩባንያውን ስም ስሟ አደረገች፤ ዓለም የሚያውቃት “አኒ ለንደንዴሪ” በሚል ነው። ልብሷና ሳይክሏ ላይ ማስታወቂያ እየለጠፈች ገንዘብ ሠራች። አብዛኛውን ርቀት በመርከብ ነው የሄደችው፤ ወሬም ታበዛ ነበር። ግን አንድ ትልቅ ነገር ገብቷታል፦ ብቻውን በሳይክል የሚሄድን ሰው ሁሉም ቆሞ ያየዋል። ሰው ቆሞ የሚያየው ነገር ደግሞ ዋጋ አለው። የዛሬዎቹ ኢንፍሉዌንሰሮች ቅድመ አያት ብንላት ብዙም አናጋንንም።

ያንን የሰው ዓይን ወደ ራስ ሳይሆን ወደ ሌላ ሰው ችግር ማዞር ይቻላል የሚለው ሐሳብ እስኪጎለብት ብዙ ዓመት ፈጀ። በመሃል አንዲት ሴት አለች፤ እኛም አገር መጥታለች። ደርቭላ መርፊ የአየርላንድ ሰው ናት። አሥር ዓመት ሲሞላት ሳይክልና የካርታ መጽሐፍ ተሰጣት፤ ያኔውኑ ህንድ ድረስ በሳይክል እሄዳለሁ ብላ ቆረጠች። ግን ለዓመታት የታመመች እናቷን ስታስታምም ቆየች። እናቷ በ1962 ካረፉ በኋላ፣ በ1963 ጃንዋሪ፣ በዚያ የአውሮፓ ክረምት “ሮዝ” የምትላትን ሳይክሏን ይዛ ወጣች። በኢራን፣ በአፍጋኒስታንና በፓኪስታን አልፋ ህንድ ገባች። ከዚያ ምን አደረገች? ወደ ቤቷ አልተመለሰችም። የቲቤት ስደተኛ ሕፃናት ወደሚገኙበት ካምፕ ሄዳ አገለገለች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ በ1966 መጨረሻ ወደ እኛ መጣች፤ ሰሜን ኢትዮጵያን በቅሎ ይዛ በእግሯ አቋርጣ አዲስ አበባ ገባች። የእሷ ጉዞ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ዘመቻ አልነበረም። ግን መንገዱ ሲያልቅ ሥራው ሊጀምር እንደሚችል አሳየች።

ነገሩን የለወጠው ሰው ሳይክል ነጂ እንኳ አልነበረም። ሯጭ ነው። ቴሪ ፎክስ የተባለ ካናዳዊ ወጣት በ18 ዓመቱ በካንሰር ምክንያት ቀኝ እግሩ ተቆረጠ። በ1980 ኤፕሪል 12 በሰው ሠራሽ እግር፣ ካናዳን ከምሥራቅ ጫፍ እስከ ምዕራብ ጫፍ ሊያቋርጥ መሮጥ ጀመረ። ዓላማው ለካንሰር ምርምር ገንዘብ ማሰባሰብ ነው። በየቀኑ ማራቶን የሚያህል ርቀት ይሮጥ ነበር። መጀመሪያ ላይ ዞር ብሎ ያየው ሰው ጥቂት ነው። ከዚያ ፖርት ኦ ባስክ የምትባል 10,000 ነዋሪ ያላት የወደብ ከተማ ደረሰ፤ ሰዉ ከ10,000 ዶላር በላይ አዋጥቶ ጠበቀው። በነፍስ ወከፍ አንድ ዶላር መሆኑ ነው። ከእያንዳንዱ ካናዳዊ አንድ ዶላር የሚለው ግብ ሆነ። ከ143 ቀንና ከ5,373 ኪሎ ሜትር በኋላ ካንሰሩ ሳንባው ገብቶ አስቆመው። በ1981 ጁን 28፣ በ22 ዓመቱ አረፈ። ከመሞቱ በፊት ግን ከ24 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር በላይ ተሰብስቦ አይቷል፤ የአገሩም ሕዝብ ያኔ 24 ሚሊዮን ገደማ ነበር።

አንድ ሰው፣ አንድ መንገድ፣ አንድ የሚረዳ ወገን። ይሄ መልክ ዛሬ በመላው ዓለም የታወቀ ነው፤ ሳይክል ነጂዎቹም የሚሄዱበት በዚሁ ነው።

ከነሱ ውስጥ ወደ እኛ መንገድ የሚያቀርበኝ አላስቴር ሃምፍሪስ ነው። እንግሊዛዊ ነው፤ በ2001 ኦገስት ከቤቱ ሲወጣ 24 ዓመቱ ነበር። ገንዘብ የሚያሰባስብለት ድርጅት ልጆችን ከማሳደጊያ ተቋም አውጥቶ በቤተሰብ ውስጥ እንዲያድጉ የሚሠራ ነው። ዕቅዱ በእስያ በኩል ወደ ምሥራቅ መሄድ ነበር። በተነሳ በሳምንታት ውስጥ የሴፕቴምበር 11 ጥቃት ደረሰ፤ የአፍጋኒስታን ጦርነት ተከተለ። መንገዱን ወደ አፍሪካ አዞረ። ኢትዮጵያንም ያቋረጠው እንዲህ ነው። በ2005 ኖቬምበር ወደ አገሩ ሲመለስ 60 አገሮችንና 74,000 ኪሎ ሜትር ገደማ አካልሎ ነበር። ከአራት ዓመት በላይ ለፈጀው ጉዞ ያወጣው ወጪ 7,000 ፓውንድ አካባቢ ብቻ ነው።

እዚህች ቁጥር ላይ ቆም በሉ። ደህና አድርጎ የሚሠራ ተጓዥ ሁለት ኪስ አለው፦ አንዱ የራሱ ወጪ፣ ሌላው የተለገሰው። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ሰዉ “ለሽርሽሩ ነው የከፈልነው” ይላል፤ እውነቱንም ነው። ግን አራት ዓመት በ7,000 ፓውንድ የሚኖረው እንዴት ነው? በቁጠባ፣ በድንኳን፣ በዳቦ። እሺ። ከዚያስ? በሰው ቤት። ውሃ በሰጠ፣ ወለሉ ላይ ባስተኛ፣ ካላማዳሪ በለጠፈ፣ ሽሮ ባቀረበ ሰው።

ብቻውን የሚሄድ ሰው ከቡድን የሚለየው በዚህ ነው። ቡድን መኪና አለው፣ ምግብ ሠሪ አለው፣ ሐኪም አለው። ብቸኛው ግን በር ማንኳኳት አለበት። ይሄን እኛ አሳምረን እናውቀዋለን። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየነከሰው ከደጅ ደጅ የሚዞረው ለትምህርቱ ብሎ ነው፤ የሚያበላው ግን መንደሩ ነው። ስዕለት ያለበትም ሰው ግሸን ድረስ በእግሩ ሲሄድ ያደረበት ቤት ሁሉ የበረከቱ ተካፋይ ነው ይባላል። በእኛ ዘንድ መንገደኛውና አሳዳሪው በአንድ መዝገብ ላይ ናቸው።

በዘመናዊው መዝገብ ግን አይደሉም። መጨረሻ ላይ “ይህን ያህል ፓውንድ ተሰበሰበ” ሲባል የእናቴ ሽሮ ውስጡ የለችም። የለገሰው በስልኩ አምስት ፓውንድ የላከው ነው። ተረጂዋ ደግሞ አፍሪካ ናት። ያንን ሰው ያበላችው አፍሪካ የት ገባች? ይሄ ነገር እኛንም ልጆቹን አበላሽቶናል ብዬ አስባለሁ። ፈረንጅ ሰጪ፣ እኛ ተቀባይ ነን የሚል ትምህርት ማንም ሳያስተምረን ተምረን ነበር። ስንጠይቀው ዝም ያለን ጊዜ የተናደድነው ለዚያ ይመስለኛል። በዚያች ሰዓት ሰጪዋ እናቴ እንደነበረች ለመረዳት ሃያ ዓመት ፈጀብኝ።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ያው መንገድ የሰፈሬን ልጆችም ወስዷል፤ በተቃራኒው አቅጣጫ፣ በመተማ ወደ ሱዳን። እነሱም ብቻቸውን ወጡ፤ እነሱም በሰው ደጅ አደሩ። ግን ፓስፖርት ስላልያዙ ማንም ጀብደኛ አላላቸውም፤ የተባሉት ስደተኛ ነው። በ2023 ሱዳን ስትቃጠል ደግሞ ሰዉ በዚያው በመተማ ወደ እኛ ጎረፈ። መንገዱ አንድ ነው። የሚለየው መንገደኛው የሚሰጠው ስም ነው። እናቴ ግን ለሁሉም የነበራት ስም አንድ ብቻ ነበር።

ባለፈው ለዓመት በዓል ቤት ስሄድ የሃምፍሪስን ታሪክ ቡና ላይ ነገርኳት። አራት ዓመት፣ ስድሳ አገር፣ ብቻውን በሳይክል እያልኩ። ስኒውን እያጠበች በጥሞና ሰማችኝ።

“ብቻውን?” አለች።

“አዎ፣ ብቻውን።”

“ታዲያ ማን አበላው?”