ጉዱና ደብተራው

ስሙኝማ! ከደጀን ተነስቶ በቢቸናና በደብረ ወርቅ አድርጎ ሞጣ የሚወጣውን መንገድ የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ ያ አገር ሰውን የሚመዝነው በሁለት ነገር ነበር፤ አንድም በዘር፣ አንድም በቀለም። የዘሩን ነገር ከሞጣ ጀምሩ። ሞጣ ጊዮርጊስን የተከሉት ወይዘሮ ወለተ እስራኤል የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ናቸው፤ ከጎጃሙ ደጃዝማች ዮሴዴቅም ራስ ኃይሉን ወልደዋል። የጎጃም ባላባት አጥንቱን ሲቆጥር ሽቅብ ወጥቶ ወጥቶ እሳቸው ዘንድ ሲደርስ ደረቱን ይነፋል። የቀለሙን ነገር ደግሞ ወደ ቢቸና መለስ በሉና ዲማ ጊዮርጊስን ጠይቁ። እዚያ ቅኔ ሊማር የመጣ ልጅ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ የመንደር ውሻ እየመከተ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ለምኖ ነው ሊቅ የሚሆነው።

እንግዲህ ዘር ያለው ሰው ዘሩን ቢንቅስ? ቀለም ያለው ደግሞ ዘር የሌለው ቢሆንስ? ሁለቱ አንድ ግቢ ውስጥ ቢገናኙ ምን ይባላሉ? ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ያገናኟቸው እዚያው ዲማ ላይ ነው። አገሩን ያውቁታል፤ በልጅነታቸው በደብረ ወርቅም በዲማም የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረዋል።

መጽሐፉ የሰብለ ወንጌልና የበዛብህ የፍቅር ታሪክ ነው ይባላል። ርዕሱም እንዲያ ይላልና አልከራከርም። እኔን ግን ደጋግሞ የሚጠራኝ ሌላ ነው፤ የጉዱ ካሳና የበዛብህ ወዳጅነት። በዚያ ሁሉ እንባ መካከል ሰው ጥርሱን የሚገልጥበት ስፍራ እሱ ነውና።

በዛብህን ታውቁታላችሁ፤ የማንኩሳ ልጅ ነው። እናቱ ውድነሽ በጣሙ ባል ባገባች ቁጥር እየሞተባት ወንድ ሁሉ የሚፈራት ሴት ነበረች። አባቱ ቦጋለ መብራቱ ደግሞ በሰው ቤት ሲያገለግል ዕድሜው የሄደበት ድሃ። እሷን ያገባ ይሞታል እየተባለ፣ እሱ ደግሞ ከዚህ ኑሮ ሞት ምን ይበልጣል ብሎ መሰለኝ፣ ተጋቡ! (ይኼ ብቻ አንድ ሙሉ ኮሜዲ ይወጣዋል፤ እለፉኝ።) ልጃቸው ሕመምተኛ ሆነ። ከተረፈ ለእግዚአብሔር ሊሰጡት ተሳሉ። ተረፈ። ታዲያ ድምፁ ያማረ፣ መልኩ ያማረ፣ ቅኔው የሰመረ፣ ነገር ግን ገና ሳያውቅ ከሚስት የተከለከለ ጎረምሳ ሆኖ ዲማ ገባ።

ካሳ ዳምጤ ደግሞ በዕድሜ ከበዛብህ ራቅ ያለ፣ የሰብለ አባት የፊታውራሪ መሸሻ ዘመድ፣ የባላባት ወገን ነው። ጥፋቱ አንድ ነው፤ የገረድ ልጅ አገባ። ያን ዕለት አገሩ ፈረደ፤ አብዷል! ፀጉሩን አጎፍሮ ብቻውን እያወራ ሲሄድ ጊዜማ ፍርዱ ጸና፤ ስሙም ጉዱ ሆነ።

ልብ በሉልኝ። እብድ ያሉት ሰዎች ሳያውቁት የመናገር ፈቃድ ሰጡት። በፊታውራሪ ቤት አሽከሩ ጌታው የሚወደውን ይናገራል፤ ቄሱም የሚወደደውን ያሰማል፤ አዝማሪው ቢነካ እንኳ በሰም ሸፍኖ ነው። ካሳ ሰሙን ይተወውና ወርቁን ፊት ለፊት ያቀርበዋል። ሰዉ ይስቃል፤ ነገሩም በሳቁ ውስጥ ሾልኮ ያልፋል። ጤነኛ ቢናገረው የሚያስገርፍ ቃል እሱ ሲናገረው የጨዋታ ማጣፈጫ ይሆናል። እኔ ይኼን የመሰለ የብልሃት ድርሰት በአማርኛ ብዙ አላየሁም።

ያ ሰው የሚያዳምጠው አንድ ሰው ብቻ አገኘ፤ ይኼን ደሃ ደብተራ። ሌላው ይስቅበታል፤ በዛብህ ግን ይጠይቀዋል። ወዳጅነታቸውን የከለከለ የለም፤ ማን ቁም ነገር ብሎ ይከለክለዋል? አንዱ እብድ፣ አንዱ የቆሎ ተማሪ! ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን ሰብለን የጠየቀውን ሁሉ ዘሩ አይመጥንም እያሉ ሲመልሱ፣ እሷም ያለ ባል ዕድሜዋ ሲገፋ፣ አስተማሪ ተብሎ በራሳቸው ትእዛዝ የገባውን ልጅ ከቁጥር አላስገቡትም። ዘር የሚቆጥር ዓይን ዘር የሌለውን አያይማ። የሁለቱ ፍቅር ሲጀመር ምስጢሩ የሚያርፈው ካሳ ዘንድ ነው።

ምሬቱም እዚያው ነው። ካሳ ያን ሁሉ እያወቀ ለራሱ ያወጣው ነገር የለም። ዕውቀቱ የሚያገለግለው ወጣቱን ነው፤ ልጁ ከዲማ ይወጣል፣ እሱ ይቀራል። ጣሊያናዊው ጁሴፔ ቶርናቶሬ በ1988 እ.ኤ.አ. «ሲኒማ ፓራዲሶ» በተባለው ፊልሙ እንዲህ ያለ ጥንድ አሳይቷል፤ በሲሲሊ መንደር ፊልም የሚያጫውት ሽማግሌና ከጉያው የማይጠፋ ልጅ። ሽማግሌው ወዳጁን ከዚህ ሂድ፣ አትመለስ ብሎ ያባርረዋል። ይገርማችኋል፤ ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው ከራስ እምሩ ጋር ተማርከው በጣሊያን ሲታሰሩ ከተጋዙባቸው ደሴቶች አንዷ ሊፓሪ ነበረች፤ ከሲሲሊ ባሻገር ያለችው። ጨዋታው እንዴት ዞሮ ዞሮ እንደሚገናኝ!

ብዙው ሰው ግን ካሳን ያወቀው በጆሮው ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ላይ መጽሐፉን ሲተርከው ፊደል ያልቆጠረው ገበሬም ሰማ። ፊታውራሪው ሲቆጡ ድምፁ ይጎረንናል፤ ካሳ ሲመጣ ድምፁ ላይ ፈገግታ ይሰማል። ደግሞ የጎጃምን አነጋገር አላሾፈበትም፤ በፊታውራሪው አሳቀን እንጂ በአገሩ ሰው አላሳቀንም። ዛሬ ማንም ተራኪ ሊማረው የሚገባው ይኼን ነው።

ከጊዜ በኋላ ደግሞ ታሪኩ በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሆኖ መጣ። ያየ ሁሉ ሲከራከር የከረመው ስለ ሰብለ ቁንጅናና ስለ ፊታውራሪው ግርማ ነው። ያው እንደ ዲማ ሰው፤ እብዱንና ደብተራውን ማን ዞር ብሎ ያያቸዋል?

እኔን ፊልም ሥራ ቢሉኝ (አይሉኝም፤ እነሱም ያውቁበታል) በሰርግም በለቅሶም አልጀምርም። ካሳና በዛብህ ሜዳ ለሜዳ እያወሩ ሲሄዱ ነው የምጀምረው። የመንደሩ ልጆች ከኋላ እየተከተሉ በካሳ ይስቃሉ። በዛብህ መጀመሪያ ያፍራል፤ ይሸማቀቃል። ካሳ አንድ ነገር ጆሮው ላይ ይለዋል፤ ተመልካቹ አይሰማውም። ከዚያ ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው፣ ልጆቹ ግራ እስኪገባቸው ድረስ፣ በመንደሩ ሲስቁ።