ከበረት እስከ ችሎት፦ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ታሪክና ዕድገት

አንዳንዱ ቋንቋ ለዕውቀት፣ አንዳንዱ ደግሞ ለማጀትና ለገበያ ብቻ የተፈጠረ ይመስል፣ «ይህ ቋንቋ ሳይንስን አይችልም፤ ፍልስፍናን አይሸከምም» የሚል አነጋገር በየስብሰባውና በየመምህራኑ ክፍል ይሰማል። ለዚህ አነጋገር በምስክርነት የሚጠራው አብዛኛውን ጊዜ እንግሊዝኛ ነው። ምስክሩ ስለ ራሱ የሕይወት ታሪክ ቢጠየቅ ግን የሚሰጠው ቃል ከጠሪዎቹ ሐሳብ ጋር አይስማማም። እንግሊዝኛ በገዛ አገሩ ለሦስት መቶ ዓመታት ያህል ከቤተ መንግሥትና ከችሎት ተገፍቶ የኖረ፣ የገዛ ምሁራኑም ሲያፍሩበት የቆየ ቋንቋ ነበርና። ለመሆኑ ከዚያ ተነሥቶ አሁን ካለበት እንዴት ደረሰ? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጉዞ በአጭሩ መከተል ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንግሊዝኛ ለብሪታንያ ደሴት እንግዳ ሆኖ የገባ ቋንቋ ነው። ከእርሱ በፊት የደሴቲቱ ሕዝብ የኬልት ቋንቋዎችን ይናገር ነበር። ሮማውያን ከ43 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 410 ገደማ ድረስ አገሩን ሲገዙ ላቲንን የአስተዳደርና የጦር ሠራዊት ቋንቋ አድርገውት ነበር። እነርሱ ከወጡ በኋላ፣ በ5ኛው መቶ ዓመት፣ አንግል፣ ሳክሰንና ጁት የተባሉ ነገዶች ከዛሬዎቹ ዴንማርክና ሰሜን ጀርመን እየተነሡ ባሕሩን ተሻግረው ሠፈሩ። አገሩም ሆነ ቋንቋው ስሙን ያገኘው ከአንግሎች ነው። በ597 ከሮም የተላከው መነኩሴ አውግስጢኖስ ኬንት ሲደርስ ከክርስትና ጋር የላቲን ፊደል ገባ፤ እስከዚያ ድረስ ሰፋሪዎቹ የነበራቸው በእንጨትና በድንጋይ ላይ የሚቀርጹት ሩን የተባለው ጽሕፈት ነበር።

በ793 የሊንዲስፋርን ገዳም በቫይኪንጎች ተዘረፈ። ዘራፊዎቹ በቀጣዩ መቶ ዓመት በደሴቲቱ ምሥራቅና ሰሜን ሠፍረው ገበሬዎች ሆኑ። በ878 የገታቸው ንጉሥ አልፍሬድ ከጦርነቱ በኋላ የተመለከተው የአገሩን የዕውቀት ጥፋት ነው፤ ላቲን አንብቦ የሚረዳ ሰው እጅግ ማነሱን በደብዳቤው ጽፏል። መፍትሔ አድርጎ የያዘውም ሊታወቁ የሚገባቸውን መጻሕፍት ወደ ሕዝቡ ቋንቋ ማስተርጐም ነበር። በዚህ ረገድ የእንግሊዝኛ ስድ ንባብ የመጀመሪያ ታላቅ ሥራው ትርጕም ነው ማለት ይቻላል። ከሰፋሪዎቹም የወሰደው ጥቂት አይደለም። ሰማይ የሚባልበት «ስካይ»፣ እንቁላል የሚባልበት «ኤግ»፣ ሕግ የሚባልበት «ሎው»፣ ሌላው ቀርቶ «እነርሱ» የሚባልበት «ዘይ» ከስካንዲናቪያውያን የተገኙ ናቸው። ተውላጠ ስምን ያህል ነገር መዋዋስ የሚቻለው በአንድ መንደር ሲኖሩ፣ ሲጋቡና ሲገበያዩ ነው።

ትልቁ መከራ የመጣው በ1066 ነው። የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም ንጉሥ ሃሮልድን በሄስቲንግስ ድል ነሥቶ ዘውዱን ጫነ። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1086፣ ያስጠናው የርስትና የሀብት መዝገብ እንደሚያሳየው የአገሩ መሬት በአመዛኙ ከነባሮቹ ባላባቶች እጅ ወጥቶ በድል አድራጊዎቹ እጅ ገብቶ ነበር። የጌታው ቋንቋ ፈረንሳይኛ፣ የቤተ ክርስቲያንና የመዝገብ ቋንቋ ላቲን ሆነ። እንግሊዝኛ ለአራሹ፣ ለእረኛውና ለእንጀራ ጋጋሪዋ ቀረ። ይህ መከፋፈል እስከ ዛሬ በቃላቱ ውስጥ ይነበባል። ላሟ በበረት ሳለች በእንግሊዝኛ «ካው» ናት፤ ሥጋዋ ከማዕድ ሲቀርብ ከፈረንሳይኛ በመጣው ቃል «ቢፍ» ይባላል። በጉም እንደዚሁ ከሜዳ «ሺፕ»፣ ከገበታ «መተን» ነው። እርግጥ ነው፣ የቋንቋ ታሪክ ሊቃውንት እንደሚያሳስቡት ይህ ልዩነት ፈጽሞ የለየለት ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው፤ ቢሆንም የቃላቱ መነሻ ማን ያረባ፣ ማን ይበላ እንደነበር ይጠቁማል።

የተገፋው ቋንቋ እንዴት ተመለሰ? በመጀመሪያ፣ በ1204 ንጉሥ ጆን ኖርማንዲን በማጣቱ፣ በባሕሩ በወዲህም በወዲያም ርስት የነበራቸው መኳንንት ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ ተገደዱ። ቀጥሎም በ1337 ከፈረንሳይ ጋር የተጀመረው ረጅም ጦርነት ፈረንሳይኛን የጠላት ቋንቋ አደረገው። በ1348 የገባው ታላቁ ወረርሽኝ ደግሞ ከሕዝቡ ከሲሶ እስከ እኩሌታ የሚገመተውን ፈጀ። የሠራተኛ ክንድ ሲመናመን የተረፈው አራሽና የእጅ ባለሙያ ዋጋው ከፍ አለ፤ ቋንቋውም አብሮት ከፍ አለ። ጆን ትሬቪሳ በ1385 እንደ መሰከረው፣ የሰዋስው ትምህርት ቤቶች ፈረንሳይኛን ትተው በእንግሊዝኛ ማስተማር ጀምረው ነበር።

በ1362 ተከራካሪዎች የሚባባሉትን ስለማይሰሙ ክርክር በእንግሊዝኛ እንዲሆን ተደነገገ። ድንጋጌው ራሱ የተጻፈው ግን በፈረንሳይኛ ነበር! መዝገቡም በላቲን እንዲያዝ ታዘዘ። የባዕድ ቋንቋ ከእንግሊዝ ችሎቶች መዝገብ ጨርሶ የወጣው በ1731 በወጣ ሕግ ነው። እንግዲህ አዋጅ ከማውጣት ወደ ሥራ መተርጐም የሦስት መቶ ሰባ ዓመት ያህል መንገድ ኖሮታል።

በ1400 ያረፈው ባለቅኔው ጄፍሪ ቾሰር የቤተ መንግሥት ባለሟል ነበር፤ ፈረንሳይኛም ላቲንም ያውቃል። ይሁንና በ«የካንተርበሪ ተረቶች» ባላባቱንም፣ ባለወፍጮውንም፣ መነኩሲትዋንም፣ ወጥ ሠሪውንም ያናገራቸው በእንግሊዝኛ ነው። የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጕም ግን ደም አስከፈለ። በ1380ዎቹ የዊክሊፍ ተከታዮች ያዘጋጁት ትርጕም በ1409 በቤተ ክርስቲያን ባለሥልጣናት ታገደ። ዊልያም ቲንዴል በ1526 ሐዲስ ኪዳንን በጀርመን አገር አሳትሞ በሥውር አስገባ፤ እርሱም በ1536 በብራስልስ አጠገብ ታንቆ ተገደለ፤ ሬሳውም ተቃጠለ። ሦስት ዓመት እንኳ ሳይሞላው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ በየአጥቢያው እንዲቀመጥ በንጉሥ ፈቃድ ታዘዘ። በ1611 የታተመው ዝነኛ ትርጕምም አብዛኛውን ቃል የወረሰው ከዚሁ ሰው ነው።

ዊልያም ካክስተን በ1476 በዌስትሚንስተር ማተሚያ ሲያቆም የገጠመው ጥያቄ «የየትኛውን አውራጃ እንግሊዝኛ ላትም?» የሚል ነበር። በ1490 ባሳተመው መጽሐፍ መግቢያ ላይ የሚከተለውን ይተርካል። ነፋስ አጥተው በቴምዝ ወንዝ የቆሙ ነጋዴዎች ከባሕር ዳር መንደር ወርደው አንዲትን ሴት «ኤግስ» ይጠይቋታል። እርስዋም ፈረንሳይኛ አልችልም ብላ መለሰች። ጠያቂው ፈረንሳይኛ ስላልተናገረ ተቈጣ። ሌላው ግን በደቡቡ አነጋገር «ኤይረን» ቢላት እንቁላል መሆኑ ገባት። የሕትመት ሥራ ይህን መዘበራረቅ ቀስ በቀስ አቃና፤ ጽሕፈቱ ሲረጋ ግን አነባበቡ መለወጡን አላቆመም። የዛሬ ተማሪ «ናይት» ሲጽፍ የማይሰሙ ፊደላትን እንዲያስታውስ የሚገደደው፣ ጽሕፈቱ የጥንቱን አነጋገር እንደያዘ ስለቀረ ነው።

በ16ኛው መቶ ዓመት ምሁራኑ ለእኛ እንግዳ ባልሆነ ክርክር ተጠመዱ። እንደ ቶማስ ኤልየት ያሉት ለአዲሱ ዕውቀት ከላቲንና ከግሪክ ቃል መዋስ ይገባል አሉ። ጆን ቺክና መሰሎቹ ደግሞ ቋንቋው በገዛ ሥሩ ይርባ፣ በብድር አይጥፋ ብለው ተከራከሩ። መምህሩ ሪቻርድ መልካስተር በ1582 እንግሊዝኛ ለማንኛውም ትምህርት እንደሚበቃ ጽፎ ተሟገተ። ክርክሩን የፈታው የማንኛቸውም ድል ሳይሆን ሥራው ነው። ሼክስፒር ከተዋሰውም፣ ከአገሬውም ቃል እየቀላቀለ ሲጽፍ፣ በግሎብ ቴአትር አንድ ፔኒ ከፍሎ ቆሞ የሚመለከተው ሕዝብ ሰማው። በሳይንስ በኩል ጉዞው የዘገየ ነበር። አይዛክ ኒውተን ስለ ስበት የጻፈውን ታላቅ መጽሐፉን በ1687 ያሳተመው በላቲን ነው፤ ስለ ብርሃን የጻፈውን በ1704 ያወጣው በእንግሊዝኛ ነው። ሳሙኤል ጆንሰን መዝገበ ቃላቱን ያሳተመው ደግሞ በ1755 ነው። እንግሊዝኛ «የሳይንስ ቋንቋ» ተብሎ አልተወለደም፤ ሳይንስ ሲጻፍበት ሆነ።

የታሪኩ ሌላ ገጽታ ሳይነሣ ማለፍ አይገባም። የተገፋው ቋንቋ በተራው ገፊ ሆነ። በ1536 የወጣው ሕግ በዌልስ ችሎቶች እንግሊዝኛን ብቸኛ ቋንቋ አደረገ። በ19ኛው መቶ ዓመት በአንዳንድ የዌልስ ትምህርት ቤቶች በእናቱ ቋንቋ የተናገረ ሕፃን እንጨት በአንገቱ ይንጠለጠልበት ነበር። በ1835 በሕንድ የነበረው ባለሥልጣን ቶማስ ማኮሌ በመንግሥት ገንዘብ የሚሰጠው ከፍተኛ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሆን አስወሰነ። ይህ ሁሉ የሆነው በቋንቋው ሰዋስው ብልጫ ሳይሆን በመርከብ፣ በንግድና በጦር ኃይል ነው። ዌልሽ ግን አልጠፋም፤ በ1993 የወጣው ሕግ በመንግሥት አገልግሎት ከእንግሊዝኛ እኩል እንዲታይ አደረገ።

በእኛም አገር እንግሊዝኛ የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ በር ሆኖ ስለሚያገለግል፣ ተማሪ ጠንቅቆ እንዲያውቀው መጣር ተገቢ ነው። መምህሩ ግን ቋንቋውን ሲያስተምር ታሪኩንም አብሮ ቢያስተምር ይበጃል። ተማሪው የቲንዴልንና የመልካስተርን ድካም ካወቀ፣ በእናቱ ቋንቋ የፊዚክስ ቃል ሲያጣ ጉድለቱን ከቋንቋው ተፈጥሮ አይቈጥረውም፤ ገና ያልተሠራ ሥራ መኖሩን ይገነዘባል። ሥራው ደግሞ የተርጓሚው፣ የመምህሩ፣ የመዝገበ ቃላት አዘጋጁና ለመድረክ የሚጽፈው ደራሲ ነው።