ኦርግ ሞድ፦ ማሻሻያዎቹና ቀጣይ ዕቅዶቹ

ኦርግ ሞድ፣ ባጭሩ ኦርግ፣ ኢማክስ በተባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ውስጥ የሚሠራ ነጻ ሶፍትዌር ነው። ማስታወሻ ለመያዝ፣ የጽሑፍ ቢጋር ለመንደፍ፣ የሥራ ዝርዝርና ቀጠሮ ለመከታተል፣ ሠንጠረዥ ለማስላትና ሰነድ ለኅትመት ለማዘጋጀት ያገለግላል። በ2003 ተጀመረ (በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ከዚያ ወዲህ የፕሮግራሙ ውስጣዊ አሠራር ደጋግሞ ፈርሶ ተሠርቷል፤ የተጠቃሚው ፋይል ግን በአብዛኛው እንደነበረ ነው። የማሻሻያዎቹም ሆነ የወደፊት ዕቅዶቹ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው።

ጀማሪው ካርስተን ዶሚኒክ የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ነው፤ በወጣት ከዋክብት ዙሪያ የሚሽከረከረውን፣ ፕላኔቶች የሚፈጠሩበትን የአቧራ ዝርግ ያጠናል። ማስታወሻዎቹንና ፕሮጀክቶቹን በኢማክስ ሊያደራጅ ሲነሣ የነበረው የቢጋር መሣሪያ አስቸገረው። ርዕሶችን ለማጠፍና ለመዘርጋት ብቻ ዐሥራ አንድ ትዕዛዞችን በቃል መያዝ ያስፈልግ ነበር፤ እያንዳንዱም ሁለት ሦስት ቁልፍ ያስነካል። ዶሚኒክ ይህን ሁሉ ለታብ ቁልፍ ሰጠው። ጠቋሚው ርዕስ ላይ ሳለ ታብ ሲጫኑ ከሥሩ ያሉት ንዑሳን ርዕሶች ይታያሉ፤ ሲደግሙት ጽሑፉ በሙሉ ይዘረጋል፤ ሲሠልሱት ሁሉም ይታጠፋል። ሌላው ሁሉ የበቀለው ከዚህ ቀላል ሐሳብ ነው።

ፋይሉ ተራ ጽሑፍ ነው። የርዕሱን ደረጃ የሚወስነው በመስመሩ መጀመሪያ ያለው የኮከብ ምልክት ብዛት ነው፤ የሥራው ሁኔታ ደግሞ ከኮከቡ ቀጥሎ ባለው ቃል ይታወቃል። ተጠቃሚው የሁኔታ ቃላቱን ራሱ መምረጥ ስለሚችል አንድ የአማርኛ ፋይል ይህን ሊመስል ይችላል፦

* የመጽሐፍ ዝግጅት
** ይሠራ ምዕራፍ ሁለትን ማረም
** ተሠራ የፎቶግራፎቹን ፈቃድ መጠየቅ

ኢማክስ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ እንኳ ይህን ፋይል ማንም ከፍቶ ያነበዋል። የዚህ ዋጋ የሚታወቀው የቀደሙት የመረጃ ማደራጃ ፕሮግራሞች የደረሰባቸውን ለሚያውቅ ነው። ሎተስ ኩባንያ በ1988 ያወጣው አጀንዳ ብዙ አፍቃሪዎች ቢኖሩትም ብዙ ሳይቆይ ተተወ። በ1993 የወጣውን ኤኮ ፕሮን የገዛው ኔትማኔጅም በ1997 ፕሮግራሙን ማሻሻል አቆመ። ሁለቱም በዘመናቸው ድንቅ ነበሩ፤ መረጃውን የሚያስቀምጡት ግን ራሳቸው ብቻ በሚያውቁት ቅርጽ ስለነበር ተጠቃሚው በገዛ ማስታወሻው ላይ የነበረው ሥልጣን በኩባንያው ውሳኔ ላይ የተንጠለጠለ ሆነ።

ኦርግ ባለቤት ኩባንያ የለውም። በ2007 ከኢማክስ 22.1 ጋር መሰራጨት ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ ኢማክስን የጫነ ሁሉ ኦርግንም አብሮ ያገኛል። የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ከጥቂት መስመሮች ያለፈ ኮድ የሚያበረክት ሰው የቅጂ መብቱን ለነጻ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን በፊርማ ያስተላልፋል። ዶሚኒክ በ2010ሮቹ መጀመሪያ ኃላፊነቱን ለባስቲየን ጌሪ አስረከበ፤ በኋላም ተራው የኢሆር ራድቼንኮ ሆነ። አንድ ፕሮግራም ከፈጣሪው እጅ ወጥቶ ሁለት ጊዜ ሲተላለፍ ሳይሰበር መቆየቱ በዚህ ዘርፍ ብዙ ጊዜ የሚታይ ነገር አይደለም።

ትልልቆቹ ለውጦች ከዕትም 7 ይጀምራሉ። በ2010 ኤሪክ ሹልትና ዳን ዴቪሰን የሠሩት ባቤል ተጨመረ። ባቤል በማስታወሻው መካከል የተጻፈን የፓይተን ወይም የአር ኮድ እዚያው አስኬዶ ውጤቱን ከኮዱ ሥር ያሰፍራል። ተመራማሪው መረጃውን፣ ስሌቱንና ማብራሪያውን በአንድ ፋይል መያዝ በመቻሉ ኦርግ ከቀጠሮ መያዣነት አልፎ የሳይንስ መሣሪያ ሆነ።

በ2013 የወጣው ዕትም 8.0 መሠረቱን ለወጠው። እስከዚያ ድረስ እያንዳንዱ የፕሮግራሙ ክፍል ጽሑፉን በየራሱ መንገድ እየገመተ ያነብ ነበር። ኒኮላ ጎዋዝዩ ሰነዱን በሙሉ በአንድ ወጥ ሕግ የሚተነትን አንባቢ ጻፈ፤ ወደ ድረ ገጽ፣ ላቴክ ወደተባለው የኅትመት ቅርጽና ወደ ሌሎች ቅርጾች የሚቀይረውን ክፍልም በእርሱ ላይ መልሶ ገነባ። ይህ ያለ ዋጋ አልመጣም። በዕትም 8.0፣ ኋላም በ2016ቱ ዕትም 9.0፣ ከኅትመት ጋር የተያያዙ አንዳንድ የቅንብር መስመሮች አጻጻፋቸው ስለተቀየረ ተጠቃሚዎች ፋይሎቻቸውን ማስተካከል ግድ ሆነባቸው። ያረጀ አጻጻፍ ያለበትን መስመር እየለቀመ የሚያሳይ መርማሪ ትዕዛዝ የተጨመረው ይህን ሸክም ለማቅለል ነው። ርዕሱ፣ የሥራ ዝርዝሩና ማስታወሻው ግን አልተነኩም።

ከዚያ ወዲህ ዕትሞቹ እየተረጋጉ መጡ። 9.5 በ2021 ምሁራን ለረጅም ጊዜ ሲጠብቁት የነበረውን የዋቢ አጠቃቀስ ሥርዓት አመጣ። 9.6 በ2022 ርዕሶች የሚታጠፉበትን ስልት ለወጠ፤ አንዴ የተተነተነውን ሰነድ እንደገና ከመተንተን የሚያድነውን ማከማቻም ተጠቃሚው ሳያዝዘው በራሱ እንዲሠራ አደረገው። የዓመታት ማስታወሻ በአንድ ፋይል ላጠራቀመ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር። 9.7 በሰኔ 2024 ወጥቶ የኢማክስ 30 አካል ሆነ።

በዚያው ዓመት አንድ ከባድ ጉዳይ ተነሣ። የኦርግ ፋይል ትዕዛዝ ሊይዝ ስለሚችል፣ በተንኮል የተዘጋጀ ፋይል ገና ሲከፈት በኮምፒውተሩ ላይ ያልተፈቀደ ትዕዛዝ ሊያስኬድ እንደሚችል ታወቀ። በኢሜይል የመጣ አባሪም በዚሁ መንገድ አደጋ ሊሆን ይችል ነበር። ኢማክስ 29.3 በመጋቢት፣ 29.4 ደግሞ በሰኔ 2024 ቀዳዳዎቹን ለመድፈን ወጡ። የቆየ ዕትም የሚጠቀም ሰው ሊዘገይበት የማይገባ ማሻሻያ ይህ ነው።

የወደፊቱ ዕቅድ በአብዛኛው ወደ ውስጥ የሚያይ ነው። የጎዋዝዩ አንባቢ ከመጣ በኋላም በአሮጌው ዘዴ የሚሠሩ ክፍሎች ስላሉ እነርሱን ወደ አንዱ አንባቢ ማዛወሩ ቀጥሏል። የሒሳብ ቀመሮችን በጽሑፉ መካከል በምስል የሚያሳየው ክፍል፣ ተጠቃሚው መጻፉን ሳያቋርጥ ከበስተጀርባ እንዲሠራ ሆኖ እንደ አዲስ ተጽፏል፤ ከዋናው ፕሮግራም ጋር መዋሐዱ በዕቅድ ውስጥ ያለ ነው። የኦርግ መልካም ክፍሎች ከኦርግ ፋይል ውጭም፣ በማንኛውም የኢማክስ ጽሑፍ ላይ እንዲሠሩ በየራሳቸው ይነጠሉ የሚል ጥያቄም በኢማክስ ገንቢዎች ዘንድ ሲነሣ ቆይቷል። ከሁሉ ይበልጥ ክብደት ሊሰጠው የሚገባው ግን የአጻጻፍ ሕጉን በዝርዝር ሰነድ የማስፈሩ ሥራ ነው። ዛሬ የኦርግን ፋይል ሌላው የጽሑፍ ማዘጋጃ ኒዮቪም በቅጥያ፣ የሰነድ ቅርጽ ቀያሪው ፓንዶክም፣ በአንድሮይድ ስልክ ላይ ኦርግዝሊ የተባለው መተግበሪያም ያነቡታል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ንባብ እንዲኖራቸው የተጻፈ ሕግ ያስፈልጋል።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ኦርግ ከኢማክስ የወረሰው ሀብት አለው። ጃፓናዊው ናኦቶ ታካሃሺ ያዘጋጀው የግዕዝ ፊደል ድጋፍ በ1990ዎቹ ወደ ኢማክስ የገባ ነው፤ በላቲን ፊደል እንደ ድምፁ ሲጻፍ ፊደሉ በግዕዝ ይወጣል። በኦርግ የቀጠሮ ገጽ ላይ ደግሞ አንድ ቁልፍ ሲነኩ የዕለቱ ቀን በተለያዩ የዘመን አቆጣጠሮች ይዘረዘራል፤ የኢትዮጵያውም አለበት፤ የወሮቹ ስም ግን በላቲን ፊደል ነው። ቀጠሮው በፋይሉ ውስጥ የሚመዘገበው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ብቻ ስለሆነ መስከረም 1 ቀን የሚውል ሥራ በየዓመቱ እንዲያስታውስ የሚፈልግ ሰው ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት የሚመጣውን የአንድ ቀን ልዩነት ራሱ መቁጠር አለበት። ሠንጠረዡም የራሱ ችግር አለው፦ ዓምዶቹ በባዶ ቦታ እየተሞሉ ስለሚስተካከሉና አብዛኞቹ የግዕዝ ፎንቶች ፊደላቸው እኩል ስፋት ስለሌለው ቋሚ መስመሮቹ ይዛነፋሉ። ስሌቱ አይሳሳትም፤ ዓምዱን የሚለየው የመስመር ምልክቱ እንጂ ስፋቱ አይደለምና። ሁለቱም ጉዳዮች የኢማክስን የፕሮግራም ቋንቋ ኢማክስ ሊስፕን የሚያውቅ የአማርኛ ተጠቃሚ ሊያበጃቸው የሚችሉ ናቸው፤ ኮዱም ለማንም ክፍት ነው።