ቁልፉን የተለዋወጥነው ከማን ጋር ነው?

አሽቀሎን ብሔራዊ ፓርክን የጎበኙ አንባቢዎቻችን የከነዓናውያንን በር ሳያዩ አልተመለሱም ይሆናል። ከ3,850 ዓመት ገደማ በፊት በጭቃ ጡብ የተሠራው ይህ በር በዓለም ላይ ከሚታወቁ ቅስት ያላቸው በሮች ከጥንታውያኑ አንዱ ነው። የከተማ በር የሚገባውን ከማይገባው መለየት፣ ገበያተኛውንም ብዙ አለማስቆም አለበት። ዛሬ እዚያው በር አጠገብ ቆመን በስልካችን የባንክ ሂሳባችንን ስንከፍት፣ ይህን ሥራ የሚሠራልን ማንነትን የሚያረጋግጥ የቁልፍ ልውውጥ ነው።

ቁልፍ ስንል መልእክትን የሚቆልፍና የሚፈታ ረጅም ቁጥር ማለታችን ነው። ሰው ሁሉ እየሰማ ሁለት ኮምፒውተሮች በምስጢር ቁጥር የሚስማሙበትን ዘዴ ዲፊ እና ሄልማን እ.ኤ.አ. በ1976 አሳተሙ። እያንዳንዱ ወገን የራሱን ቁጥር ደብቆ ይይዝና ከእርሱ ያሰላውን ሌላ ቁጥር ብቻ ይልካል። ሁለቱም የደረሳቸውን ከደበቁት ጋር ሲያሰሉት ውጤቱ አንድ ይሆናል፤ አድማጩ ግን ሊደርስበት አይችልም።

ይሁን እንጂ ዘዴው ላኪው ማን እንደሆነ አይናገርም። መሃል የገባ ሌባ ለእኛ ባንኩን፣ ለባንኩ ደግሞ እኛን መስሎ ከሁለታችንም ጋር ቁልፍ ሊለዋወጥ ይችላል። በመሆኑም የተላኩት ቁጥሮች በዲጂታል ፊርማ መረጋገጥ አለባቸው። በቴክኒዮን ያስተምሩ የነበሩት ሁጎ ክራውቺክ የነደፉት ሲግማ የተባለው ፕሮቶኮል የሚሠራው እንዲህ ነው። በ2018 የወጣው ቲኤልኤስ 1.3 በዚሁ ላይ ተመሥርቶ፣ ቀድሞ ሁለት ምልልስ ይፈጅ የነበረውን ትውውቅ በአንድ ይጨርሳል።

ለፍጥነት ሲባል የሚቀነስ ፍተሻ ግን አደጋ አለው። ክራውቺክ በ2005 ፊርማ ሳይላክ ማንነትን በስሌቱ ውስጥ የሚያረጋግጥ ኤችኤምኪውቪ የተባለ ፕሮቶኮል፣ ከነሂሳባዊ ማረጋገጫው አቀረቡ። ጊዜ ለመቆጠብ ግን የደረሰው ቁጥር ትክክለኛ ዓይነት መሆኑን መመርመር ቀርቶ ነበር። በዚያው ዓመት አልፍሬድ መነዝስ፣ ይህ ምርመራ ከቀረ አጥቂ የሰውየውን ቋሚ ምስጢራዊ ቁልፍ እስከ ማውጣት ሊደርስ እንደሚችል አሳዩ። (መነዝስ ኤችኤምኪውቪ ሊያሻሽለው የተነሣው የኤምኪውቪ አንዱ ፈጣሪ ናቸው፤ ክርክሩ የጦፈው ያለ ምክንያት አልነበረም።)

እኛም ልንፈትሽ የምንችለው አለ። ዋትስአፕ ላይ የዘመዳችንን ስም ተጭነን ኢንክሪፕሽን የሚለውን ስንከፍት 60 አሃዝ ያለው ቁጥር እናገኛለን። አዲስ አበባ ያለው ዘመዳችን ድምፁን በምናውቀው ጥሪ ከራሱ ስልክ ላይ ያንኑ ቁጥር ካነበበልን መሃል የገባ የለም። ስልክ ሲቀይር ቁጥሩ ስለሚለወጥ እንደገና ማመሳከር ያስፈልጋል።